ጣቷ በመልአኩ ክንፍ ላይ

አንዲት ሴት ነበረች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቤቷ ደጃፍ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ መጽሐፍ ታነብ ነበር።

"መጽሐፍ ማንበብ ምን ይደንቃል?" ትሉኝ ይሆናል። ይደንቃል እንጂ! ይህች ሴት ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ሃምሳ አራቱን ዓመት ፊደል ሳትለይ ኖራለች። ጎጃም ውስጥ በአንዲት የገበያ ከተማ ብቅልና ጌሾ ትሸጣለች፤ ስሟም ወይዘሮ አንጓች ነው። አምስት ልጆቿን አሳድጋ፣ አስተምራ፣ ድራ ስታበቃ "እንግዲህ ተራው የኔ ነው" አለችና እሁድ እሁድ በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ለአዋቂዎች የሚሰጠውን የፊደል ትምህርት ጀመረች። ልጆቿ ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ግን አልቀረችም።

ለምን መሰላችሁ? አባቷ ጎሕ ሲቀድ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሚጸልዩባት አንዲት የጸሎት መጽሐፍ ነበረቻቸው። አንጓች ልጅ ሆና እህል እየፈጨች ትሰማቸው ነበር። አባቷ ሲያርፉ መጽሐፏ ለእሷ ደረሰች። ሃያ ዓመት ሙሉ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ትስማታለች እንጂ አታነባትም። "አንድ ቀን በራሴ ዓይን አነባታለሁ" ትል ነበር። የሴትዮዋ ምኞት ይኸው ነው፤ ሌላ አልጠየቀችም።

ያ ቀን ደረሰ። ፋሲካ ካለፈ ሦስተኛው እሁድ፣ ማለትም የዚያች ቅዳሜ ማግሥት፣ የምረቃ ቀን ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ከሚወደው መጽሐፍ አንድ ገጽ በሕዝብ ፊት ያነባል። አስተማሪያቸው መምህር ስሜነህ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ ይህንን ክፍል በነጻ የሚያስተምሩት ሰው፣ መጀመሪያ የሚያስነሡት አንጓችን ነው። ምነው ቢሉ፣ ከክፍሉ እንደ እሷ አንቆርቁሮ የሚያነብ የለማ!

ባሏ ምንይችል ደግሞ ወሬውን ለዕድርተኛው ሁሉ አዳርሷል። እሱ ጠዋት ጠዋት መነጽሩን ሰክቶ የራሱን መጽሐፍ የሚደግም፣ በሰፈሩ "አንባቢ" የሚባል ሰው ነው። "ከእንግዲህ በቤታችን ሁለት አንባቢ አለ" እያለ ይኩራራል። በግ ተገዝቶ ጓሮ ታስሯል። ጠላው ደርሷል። ዘመድ ከገጠር ገብቷል።

እናም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ደጃፏ ላይ ሆና ትለማመዳለች። ጣቷ ከመስመሩ በታች ይሄዳል፤ አፏ ጸሎቱን ይወርደዋል። ያማረ ንባብ ነው! በዚህ መሀል ቀለል ያለ ነፋስ መጣ። የጎረቤት ዶሮ ብቅሏ ላይ ወጣችና አንጓች ቀና ብላ "እሽ!" አለቻት። ጸሎቱን ግን አላቋረጠችም። ከዚያ ዓይኗን ወደ መጽሐፏ መለሰች።

ጣቷ የት ነበረ መሰላችሁ?

በመልአኩ ክንፍ ላይ!

ነፋሱ ቅጠሉን ገልጦታል። በሚቀጥለው ገጽ ላይ ደግሞ አንድም ፊደል የለም፤ ክንፉን የዘረጋ የመልአክ ሥዕል ነው ያለው። ጣቷ የመልአኩን ላባ ከግራ ወደ ቀኝ፣ መስመር በመስመር እየተከተለ ነው። አፏ ደግሞ አንድ ቃል ሳያደናቅፍ ጸሎቱን ያስኬደዋል።

አንጓች ዝም አለች። "አንቺ ሴት" አለች ለራሷ፣ "ላባ ነው እንዴ የምታነቢ?"

ያን ጊዜ ገባት። እያነበበች አልነበረም። የአባቷን ድምፅ ነበር የምትደግመው፤ በልጅነቷ በጆሮዋ የገባውን። ክፍል ውስጥም እንዲሁ ነው፤ ከፊቷ ያለው ተማሪ ሲያነብ አንድ ጊዜ ከሰማች ትይዘዋለች፤ ተራዋ ሲደርስ ጣቷን አስቀምጣ ትወርደዋለች። ሃምሳ ዓመት ያለ ጽሕፈት የኖረ ጭንቅላት ምን የማይዘው ነገር አለ? ዕድሜ ልኳን የገበያውን ሁሉ ነገር በዚያው ይዛ አይደል የኖረችው! ለማታለል ብላ ያደረገችው አንድም ነገር የለም። ራሷም አታውቅም ነበር።

በጉ ከጓሮ ጮኸ።

"ዝም በል አንተ! ያሳሰረህ ይኸው የኔ አፍ ነው" አለችው።

ቀልዳ ዝም አላለችም፤ አለቀሰች። ነገ ምን ይውጣት? ዘመድ መጥቷል፤ ጠላው ደርሷል፤ ባሏ አፉን ሞልቶ ተናግሯል። ደግሞስ ማን ያውቅባታል? ገጹን ገልጣ፣ ጣቷን አስቀምጣ ብትወርደው ሕዝቡ እልል ይላል፤ ወረቀቷን ትቀበላለች፤ በጉ ይታረዳል። አንድም ሰው አይነቃባትም።

ወገኖቼ፣ እስቲ ልጠይቃችሁ። ይህንን ነገር ማን ነገራት? መምህሩ? ሁለት ዓመት አስተምረዋት አልነቁም። ባሏ? እሱማ አንባቢ ነው! ጎረቤት? ዶሮዋ? ማንም አልነገራት። አንጓችን የያዘቻት ራሷ አንጓች ናት።

አሁን ደግሞ ያደረገችውን ስሙ። እናንተ እናቶች፣ ምስር ለቅማችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ሰፌዱ ላይ ትዘረጉትና ምስሩን ወዲህ፣ ጠጠሩን ወዲያ፣ ያጠራጠራችሁን ደግሞ ወደ ብርሃኑ አስጠግታችሁ ታዩታላችሁ። አንጓችም እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና ከልጅ ልጇ ቦርሳ እርሳስ አወጣች። አባቷ ሲጸልዩበት ሰምታው የማታውቀውን አንድ ገጽ ከመጽሐፏ መጨረሻ ገለጠች። የፊደል ገበታዋንም አጠገቧ ዘረጋች። ከዚያ በገጹ ያለውን ፊደል፣ ከገጹ የጎደለውንም ከገበታው፣ አንድ በአንድ ትለቅም ጀመር። "ይህን አውቀዋለሁ። ይህንንም አውቀዋለሁ። ይህንን አላውቀውም።" ገበታው ላይ፣ ባላወቀችው ፊደል ላይ ነጥብ። "ይህንን ደግሞ የማውቀው ይመስለኛል።" እዚያ ላይ ረጅም ጊዜ ቆየች፤ አስቸጋሪው እሱ ነዋ! የማውቀው የሚመስለኝን ከማውቀው መለየት። ረ እና ፈ ያምታቷታል። ጠ እና ጨ መንታ ይሆኑባታል። በእነዚያም ላይ ነጥብ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረሰች። ነጥቦቹን ቆጠረቻቸው። ገበታው ላይ ካሉት ከሁለት መቶ ሠላሳ አንዱ ፊደል ስንቱን የማታውቅ ሆና የተገኘች ይመስላችኋል?

ዐሥራ ሰባት!

አንጓች ሳቀች። ጮክ ብላ ሳቀች፤ ባሏ ከውስጥ "ምን ሆነሽ ነው?" እስኪል ድረስ። አለማወቋ ቅድም ተራራ አክሎ አስለቅሷት ነበር፤ ሲቆጠር ግን ዐሥራ ሰባት ሆነ! ዐሥራ ሰባት ነገር ደግሞ ይለመዳል። ደስ አላት፤ ከልቧ ደስ አላት። ለባሏ ግን ምንም አልነገረችውም።

እሁድ ሆነ። አዳራሹ ሞላ። ጫማ ሁሉ ደጅ ቀርቷል፤ አንጓች ብቻ እግሯን ስለሚያማት የጨርቅ ጫማዋን እንድታደርግ ተፈቅዶላታል። ምንይችል ፊት ለፊት ተቀምጦ ጋቢውን አስተካከለ። መምህር ስሜነህ ተነሡና "እትዬ አንጓች፣ ይምጡ፤ ይጀምሩልን" አሉ።

ተነሣች። መጽሐፏን ገለጠች። መልሳ ዘጋቻት።

"መምህር፣ ይህን ገጽ አላነበውም።"

"ምነው? አመመዎት እንዴ?"

"አላመመኝም። በቃሌ ነው የማውቀው። ትናንት ነፋስ ቅጠሉን ገልጦብኝ፣ ጣቴ በመልአኩ ክንፍ ላይ ሲሄድ አፌ አልቆመም። የእስከ ዛሬው ንባቤ እንዲያ ነበር።"

ምንይችል ጋቢውን ወደ ላይ ሳበና ፊቱን ሸፈነ። ምስኪን! በጉም፣ ጠላውም፣ ዕድርተኛውም በዓይኑ ዞረበት።

"መች ነው ያወቁት?" አሉ መምህሩ ቀስ ብለው።

"ትናንት። ከዚያ ለቀምሁት። የማላውቀው ዐሥራ ሰባት ፊደል ነው፤ ይኸው ነጥብ አድርጌበታለሁ።" ገበታዋን አውጥታ ዘርግታ አሳየች።

መምህር ስሜነህ ገበታውን ተቀብለው አዩት። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ አርባ ዓመት ሲያስተምሩ እንዲህ ያለ ነገር ያመጣላቸው ተማሪ አልነበረም። ከዚያ ወደ አዳራሹ በር ሄዱና በዚያው ጠዋት ተጽፎ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ከግድግዳው ላይ ገንጥለው አመጡት።

"ይህችን አባትዎ አልጸለዩባትም" አሉ። "ያንብቡልኝ።"

አንጓች ወረቀቱን ያዘች። ጣቷን አስቀመጠች፤ ዓይኗንም ከጣቷ ላይ አልነቀለችም።

"አ... ን... ድ። አንድ። እ... ግ... ር። አንድ እግር።" ቆመች። "ይህችኛዋ ነጥብ ያለባት ናት። ጣ... ማ። ጣማ። አንድ እግር ጣማ።"

ብትቀጥል ማንም አያቆማትም። እሷ ግን አልቀጠለችም።

"ጣማ ምንድን ነው? ጣማ የሚባል ነገር የለም።" መለስ አለች። "አንድ እግር... አንድ እግር..." ከዚያ ወደ ታች፣ ወደ ገዛ እግሯ አየች።

"ጫማ!" ብላ ጮኸች። "ጫማ ነው! ጨ ነች! ያቺ መንታዋ ነች!"

ወገኖቼ፣ እልልታው የአዳራሹን ቆርቆሮ ሊያነሣው ነበር! አንጓች ግን አልጨረሰችምና እጇን አንሥታ ዝም አሰኘቻቸው። "አንድ... እግር... ጫማ... የጠፋበት... ሰው... ዘበኛውን... ያነጋግር።" አራት ቃል ነበር የቀራት፤ ብዙ ጊዜ ወሰደባት፤ አንድም ቃል ግን የአባቷ አልነበረም። ሁሉም የራሷ ነው።

"የኔ ነው!" አለ አንድ ሽማግሌ ከኋላ። "ጫማውስ የኔ ነው!" ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ሁለተኛዋ ተማሪ ተነሥታ "መምህር፣ እኔም ግማሹ በቃሌ ነው" አለች። ሦስተኛውም "እኔማ ሁሉም" አለ። መምህር ስሜነህ በዚያ ቀን ለማንም የምስክር ወረቀት አልሰጡም፤ በምትኩ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ እርሳስ አደሉ። በጉ ግን ታረደ። ይህን ያህል ደስታ እያለ በግ ይተርፋል እንዴ?

ግብዣው ሞቅ ባለበት ሰዓት ምንይችል ሚስቱን ወደ ጓዳ ጠራት። የራሱን የጸሎት መጽሐፍ በብብቱ ይዟል።

"አንጓች፣ እርሳስሽን አውሺኝ እስቲ።"

"ምን ልታደርግበት?"

"ተይ፣ አትጠይቂኝ።"

እሷም አልጠየቀችውም። ሰጠችው።

እንግዲህ የተወደዳችሁ፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ።

"ልብ በሉ" ስላችሁ ምን ማለቴ ነው? ቋንቋችንን እዩት። "ዓይን በሉ" አንልም፤ "ጆሮ በሉ" አንልም። ዓይን መጽሐፉን ያያል፤ ዓይንን የሚያየው ግን ልብ ነው። አፍ ይናገራል፤ "ምን እያልሽ ነው?" ብሎ አፍን የሚጠይቀው ልብ ነው። በቅሎ ከገበያ ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ ታውቃለች፤ ማወቋን ግን አታውቅም። በጠፋባት ጊዜም "ጠፋሁ" አትልም። ሰው ግን ቆም ብሎ "ይህንን አውቃለሁን? በምን አወቅሁ?" ይላል። የሰው ብልኅነት እዚህች ላይ ነው ያለው። ፈጣሪ በውስጣችን መብራት ብቻ አላኖረም፤ መብራቱን የምትጠብቅ፣ ሲጨስ የምታይ፣ ክሩን የምታስተካክል እጅም አኑሮልናል።

አባቶች "ከመጠምጠም መማር ይቅደም" ይላሉ። እውነት ነው። ታዲያ ከመማርስ ምን ይቅደም? አለመማርን ማወቅ! "አላውቅም" ያለ ሰው ደሀ አይደለም፤ የጎደለውን ቆጥሮ ያገኘ ሰው ነው። "ሁሉን አውቃለሁ" ያለ ሰው ግን የጎደለውን በየት በኩል ይሙላው? በሩን ዘግቶታል እኮ!

እናንተስ? ጣታችሁ የት ነው?

"ይቅር ብያለሁ" ትላላችሁ። ደግ። ያ ሰው በመንገድ ሲመጣ ስታዩ የምትሻገሩት ለምንድን ነው? አፋችሁ ይቅርታን ይወርዳል፤ ጣታችሁ ግን በመልአኩ ክንፍ ላይ ነው።

"ሚስቴን አውቃታለሁ፤ ሠላሳ ዓመት አብረን ኖርን" ትላላችሁ። ምን እንደሚያስለቅሳት ለመጨረሻ ጊዜ የጠየቃችኋት መቼ ነው? "ልጄን አውቀዋለሁ" ትላላችሁ። ጓደኛው ማነው? እኔ ራሴስ? ይህን ስብከት ስንት ጊዜ በቃሌ ወረድሁት? ሳቁ፣ ሳቁ፤ እኔም ትናንት እርሳስ ይዤ ነበር፤ የኔ ነጥብ ከዐሥራ ሰባት ይበልጣል!

አትፍሩ። ዛሬ የምነግራችሁ የሚያስፈራ ነገር አይደለም፤ የምሥራች ነው። ነፋስ ቅጠላችሁን ሲገልጥባችሁ ገጹን መልሳችሁ አትሸፍኑት። ቁጭ በሉና ልቀሙት። የምታውቁትን ወዲህ፣ የማታውቁትን ወዲያ፣ የምታውቁት የሚመስላችሁን ወደ ብርሃኑ። ያስለቀሳችሁ ነገር ስትቆጥሩት ትንሽ ሆኖ ያስቃችኋል። ልብ ግዙ፤ ከገበያ አይገዛም፤ በመቆም ይገዛል።

አሁን ጉባኤያችን አብቅቷል። ደጅ ወጥታችሁ ጎንበስ ስትሉ ቸኩላችሁ አታጥልቁ። አንድ አፍታ ቁሙና እግራችሁን አይታችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፦

"ጣማ ነው ወይስ ጫማ?"