በአሸንዳው አፍ የበቀለው ሣር

ግንቧ ፈርሶ ስሟም ከሰው አፍ በጠፋ አንዲት የጥንት ከተማ፣ ሐጂ ሙዘሚል የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ይኖሩ ነበር። ጨርቅ ሲለኩ ከክንዱ በላይ አንድ ጣት ጨምረው የሚቆርጡ፣ አዛን ሳይጠራ መስጂድ የሚገኙ ሰው ነበሩ። ከቤታቸው አጠገብ የሚያከራዩት ትንሽ ቤት ነበረቻቸው።

የዚያች ከተማ ቤቶች ጣሪያቸው ጠፍጣፋ ነበር፤ በእንጨት ላይ አፈር ተደልድሎ ይሠራል። የዝናቡ ውሃ የሚወርደው ወደ መንገዱ ብቅ ባለ የእንጨት አሸንዳ ነው። የኪራይ ደንቡም ከአያት ከቅድመ አያት የታወቀ ነበር፤ ጣሪያና ግድግዳ ማደስ የባለቤቱ፣ ጣሪያውን መጥረግና አሸንዳውን መክፈት የተከራዩ።

በትንሿ ቤት ኮርቻ ሰፊው ይማም ከሚስቱ ከሉባባና ከልጃቸው ከነፊሳ ጋር ይኖር ነበር። በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አሸንዳውን የሚጠርገው እሱ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ክረምቱ ሳይደርስ ታሞ ሞተ። ሉባባም ዒዳ ገባች፤ ባሏ የሞተባት ሴት በቤቷ ተሰብስባ የምትቆይበት ጊዜ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ምግብ አመጣላት፣ ዱዓ አደረገላት። በዒዳ ያለች ሴት መንገደኛ እያያት ጣሪያ ላይ እንደማትወጣ ሁሉም ያውቃል። አሸንዳውን ግን ከጎረቤቶቹ ማንም «እኔ ልክፈተው» አላለም።

ሐጂ ሙዘሚል ወደ መስጂድ ሲሄዱ በአሸንዳው ሥር ነበር የሚያልፉት። አፉ በአፈርና በቅጠል ተደፍኖ፣ ሣር በቅሎበት ያዩታል። አንድ ቀን ቅመም ሻጩ አባስ ከሱቁ ሆኖ ተጣራ።

«ሐጂ! የአሸንዳዎ ጺም ከእርስዎ ጺም በለጠ እኮ!»

«የኔ ጺም የኔ ነው፣» አሉ ሐጂ እየሳቁ። «የእሱ ጺም የተከራይ ነው።»

አባስም ሳቀ። ሐጂም ከዘራቸውን እየተመረኮዙ አለፉ።

ክረምቱ ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሶላት ወዲያ፣ ከባድ ዝናብ ጣለ። መውጫ ያጣው ውሃ ጣሪያው ላይ ተኛ፤ ወደ ግድግዳውም ሰረገ። ሐጂ ከሱቃቸው ሆነው የሚናድ ነገር ድምፅ ሰሙ። ሲደርሱ የትንሿ ቤት ግድግዳ ወድቆ፣ ሉባባ ጭቃውን በእጇ እየቧጠጠች ነበር። አብረዋት ቧጠጡ። ነፊሳን ያገኟት አባቷ ሳይጨርሰው የሞተውን ኮርቻ እንደተንተራሰች ነው። ትንፋሽ አልነበራትም። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን፤ የአላህ ነን፣ ወደ እርሱም ተመላሾች ነን።

ቤት ፈርሶ ሰው ሲሞት ተጠያቂውን መለየት የቃዲው ሥራ ነውና፣ ከቀብሩ በኋላ ቃዲ በድሩ ሐጂ ሙዘሚልን አስከትለው ሉባባ ወደተጠጋችበት የጎረቤት ቤት መጡ። እሷ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀመጠች። ልጇ ከተቀበረች ወዲህ እንባ አልወጣትም ነበር።

«ልጄ፣ አሸንዳውን መክፈት የማን ነበር?» አሉ ቃዲው በለሆሳስ።

«የኔ።»

«ለምን ለሐጂ አልነገርሻቸውም?»

«የራሴን ሥራ እንዴት ብዬ ለሳቸው ልስጥ? ዒዳዬ ሲያልቅ እወጣለሁ ብዬ ነበር። ዝናቡ ቀደመኝ። ልጄን የገደልኳት እኔ ነኝ፣ ቃዲ።»

ቃዲው አንገታቸውን ደፉ። «እንግዲህ ሐጂ ሙዘሚል፣ ግድግዳዎን ዓምና አድሰዋል። በደንቡ እርስዎ ነፃ ነዎት። ይሂዱ።»

ሐጂ ግን አልተነሱም። ደጃፉ ተከፍቷል፤ ስማቸውም ንጹሕ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ግን «የገደልኳት እኔ ነኝ» ያለችው ድምፅ አለች። አሁን ተነሥተው ከወጡ፣ ያቺ ቃል ከሉባባ ጋር እስከ ዕለተ ሞቷ እንደምትኖር ገባቸው።

«ቃዲ፣ ምስክር አልሰሙም፣» አሉ።

«የማን ምስክር?»

«የኔ። ሣሩን አይቼዋለሁ። እሷ ከቤት ተሰብስባ አላየችውም፤ እኔ ግን ሶላት በሄድኩ ቁጥር አየሁት። ቀልጄበታለሁም፤ አባስ ይመስክር። ያን ጊዜ ይህ ከዘራ በእጄ ነበር። ቀና ባደርገው ይደርስ ነበር።» ወደ መጋረጃው ዞሩ። «ልጄ ሉባባ፣ አንቺ በአላህ ትእዛዝ ተቀመጥሽ። እኔን ምን አስቀመጠኝ? ሸክሙ የኔ ነው። ከቻልሽ አውፍ በይኝ፤ ካልቻልሽም ሐቅሽ ነው።»

ሉባባ ከመጋረጃው ጀርባ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ሐጂም እዚያው ተቀምጠው፣ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ እስኪጠራ፣ አብረዋት አለቀሱ።

ይቅር ብላቸው እንደሆነ የሰማ የለም። ሐጂ ሙዘሚል ግን ከዚያ ወዲያ ክረምት በመጣ ቁጥር ረጅም ዘንግ ይዘው የከተማውን አሸንዳ ሁሉ ሲከፍቱ ይታዩ ነበር። «ሐጂ፣ ይህ እኮ የእርስዎ ቤት አይደለም» ሲሏቸው፣ «ደንቡ ሥራችንን ከፋፈለልን እንጂ ዓይናችንን አልከፋፈለልንም» ይሉ ነበር።

ደንብ መልካም ነው፤ ያለ ደንብ አከራይና ተከራይ ተስማምተው አይኖሩም። ነገር ግን ደንቡ ያቆመን ቦታ ላይ ቆመን የሰው ግድግዳ ሲርስ ካየን፣ ቃዲ ቢለቀንም ከአላህ ፊት መቆም አለ። ሐጂን እስከ ቀብራቸው ያስለቀሳቸው አንድ ነገር ነው፤ ከዘራው ይደርስ ነበር።