ሎከር አልገባ ያለው ላፕቶፕ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ በዛሬው ተረት ላምም የለች፣ በረትም የለ። አንዲት ዶሮ ግን አለች፣ እሷም ብትሆን ክፉ ናት። «እሺ» በሉኝና ልቀጥል።

ኮምቦልቻ ውስጥ ሐያት የምትባል ልጅ ነበረች። ዩኒቨርሲቲ ደርሷት ፋርማሲ ልትማር ነው፤ አውቶቡሱ ሐሙስ ጠዋት ይነሣል። አባቷ ሰኢድ ጫማ ነጋዴ ነው። የሰውን እግር በዓይኑ ለክቶ ቁጥሩን አይስትም፤ ለገዛ ልጁ ሲሆን ግን ሁልጊዜ ሁለት ቁጥር ያስበልጣል። «ታድግበታለች» ይላል። ሐያት ጫፉ ላይ ጨርቅ በተጎሰጎሰበት ጫማ ስንት ክፍል አልፋለች! ላፕቶፕ ሊገዛላት በሄደ ዕለትም ልማዱ አልለቀቀውም፤ ከሱቁ ሁሉ ትልቁን፣ ባለ አሥራ ሰባት ኢንቹን ታቅፎ መጣ። ልጅቱ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው እኮ! ከዚህ በኋላ ወዴት ልታድግ ነው?

ሐያት አመስግና ተቀበለች። ማክሰኞ ጠዋት ግን እዚያው ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት የሆነችው የአክስቷ ልጅ ረውዳ ደወለች።

«የዶርሙ ሎከር ጠባብ ነው» አለቻት። «የእኔ አሥራ ሦስት ኢንች ነው፣ እሱም ልክክ ብሎ ነው የሚገባው።» ስፋቱንም ለክታ ነገረቻት። ሐያት በክር ብትለካው ላፕቶፑ ሎከሩን በአራት ጣት በለጠው። አባቷን ማሳዘን ከበዳት፣ ግን ነገረችው። ሰኢድ ክሩን ተቀብሎ ራሱ ለካ፤ ከዚያ ራሱን አከከ።

«በይ ሄደሽ በትንሽ ቀይሪው» አለ። «ካልተቀየረ ግን እዚሁ ይቀራል። ያልተቆለፈበት ዕቃ ባለቤት የለውም።»

ሐያት ወደ ሱቁ ሄደች። ሻጩ ጃፋር ላፕቶፑን ገልበጥ አድርጎ አየና «ካርቶኑስ?» አላት።

«ቤት ነው።»

«ያለ ካርቶን አልቀይርም፣ እህቴ። እስከ ነገ ማታ ካርቶኑን ይዘሽ ነይ።»

ካርቶን ከሌለ ትንሽ ላፕቶፕ የለም፤ ትንሽ ላፕቶፕ ከሌለ ሐያት ባዶ እጇን ትሄዳለች።

ቤት ስትደርስ እናቷ ዘሃራ «ካርቶኑን? እሱማ ዶሮዋን አስታቀፍኩበት» አለች። እንዲያ ያለ ጠንካራ ካርቶን ማን ይጥላል? ዶሮዋ ዘጠኝ እንቁላል ታቅፋ ተኮፍሳለች። ሐያት እጇን ስትሰድ ዶሮዋ «አልነሣም» አለች፤ በምንቁሯ ነው ያለችው፣ እጇ ላይ።

«ሰፋ ያለ ቅርጫት አምጪላት» አለች ዘሃራ፣ «ከነጭዷ ከነእንቁላሏ አዛውራታለሁ።»

ቅርጫት ከሌለ ዶሮዋ አትነሣም፤ ዶሮዋ ካልተነሣች ካርቶን የለም፤ ካርቶን ከሌለ ትንሽ ላፕቶፕ የለም፤ ትንሽ ላፕቶፕ ከሌለ ሐያት ባዶ እጇን ትሄዳለች።

ሰፊ ቅርጫት ያላቸው ጎረቤቷ እትዬ አስካለ ናቸው። «እትዬ፣ ቅርጫትዎን ያውሱኛል?» አለቻቸው።

«አፈር ስሆን፣ ድንች ሞልቶበታል! መሬት ላይ ልዘርግፈው እንዴ? ጆንያ አምጪና ቅርጫቱን ውሰጂ።»

ጆንያ ከሌለ ቅርጫት የለም፤ ቅርጫት ከሌለ ዶሮዋ አትነሣም፤ ዶሮዋ ካልተነሣች ካርቶን የለም፤ ካርቶን ከሌለ ትንሽ ላፕቶፕ የለም፤ ትንሽ ላፕቶፕ ከሌለ ሐያት ባዶ እጇን ትሄዳለች።

ጆንያው ግንበኛው ካሳዬ ዘንድ ተገኘ። አዲስ የተሞላ የሲሚንቶ ወለል በእርጥብ ጆንያ ሸፍኖ እንደ ታማሚ ይጠብቀዋል።

«አልሰጥም» አለ። «ይኼ ፀሐይ ከመታው ይሰነጠቃል፤ ከዚያ የሚሰደበው ካሳዬ ነው። የምሸፍንበት ላስቲክ አምጪ፣ ጆንያው ያንቺ ነው።»

ላስቲክ ከሌለ ጆንያ የለም፤ ጆንያ ከሌለ ቅርጫት የለም፤ ቅርጫት ከሌለ ዶሮዋ አትነሣም፤ ዶሮዋ ካልተነሣች ካርቶን የለም፤ ካርቶን ከሌለ ትንሽ ላፕቶፕ የለም፤ ትንሽ ላፕቶፕ ከሌለ ሐያት ባዶ እጇን ትሄዳለች። ትንፋሽ አጠራችሁ? እሷንም አጥሯታል። ረቡዕም ደርሷል።

ላስቲክ ያላቸው ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩት ሽማግሌ፣ አባባ ይማም ናቸው። ክረምቱ ስለወጣ አጣጥፈው አልጋ ሥር ከተውታል።

«አለኝ፣ አልሰጥም!» አሉ።

«ለምን፣ አባባ?»

«ሁሉም አባባ ስጡኝ ይላል። አባባ ምን ቸገራቸው የሚል የለም።»

ሐያት እንባዋ ሊመጣ ነበር፣ ግን በሩ ላይ ቁጭ አለች። «እሺ፣ ምን ቸገረዎት?»

ሽማግሌው ከኪሳቸው የተቋጠረ መሐረብ አወጡ። ውስጡ ፍላሽ ነበር። «አፋር፣ ሚሌ የተዳረችው የልጄ የሶፊያ ሠርግ ነው። እግሬን ይዞኝ ሳልሄድ ቀረሁ። በስልክ አሳዩኝ፤ ሰዉ ሁሉ ጉንዳን ያህላል፣ ዓይኔም ደክሟል። ወላሂ፣ ሙሽራዋን ከሚዜዋ አልለየኋትም። ልጄን በደንብ ሳላያት ላስቲክ የለም።»

ሶፊያ ካልታየች ላስቲክ የለም፤ ላስቲክ ከሌለ ጆንያ የለም፤ ጆንያ ከሌለ ቅርጫት የለም፤ ቅርጫት ከሌለ ዶሮዋ አትነሣም፤ ዶሮዋ ካልተነሣች ካርቶን የለም፤ ካርቶን ከሌለ...

ሐያት አልጨረሰችውም። ብድግ ብላ ሮጠች፤ ያንን ትልቁን፣ ያንን ሎከር አልገባ ያለውን ላፕቶፕ ታቅፋ ተመለሰች። ወንበር ላይ አስቀምጣ ፍላሹን ሰካችው። አሥራ ሰባቱም ኢንች በሶፊያ ተሞላ።

አባባ ይማም ተጠግተው አዩ። «ይቺ... ይቺማ ሶፊያ ናት!» አሉ። «አየሻት? ስትስቅ ቁርጥ እናቷን!» ጣታቸውን ሙሽራዋ ጉንጭ ላይ አሳረፉ። ደስታው አስለቀሳቸው፣ ሐያትንም አስለቀሳት። ሠርጉን ሁለት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አዩት፤ በሁለተኛው በተቀመጡበት ጨፈሩ።

«ላስቲኩን ውሰጂ» አሉ። «ምርቃቴንም ጨምሪበት፤ ዕውቀት ይግለጥልሽ።»

ይኸው አሁን ያዙኝ! ሶፊያ ታየች፣ ላስቲኩ ተሰጠ። ላስቲኩ ሲሚንቶውን ሸፈነ፣ ካሳዬ ጆንያውን ለቀቀ። ጆንያው በኮምቦልቻ ፀሐይ ባንዴ ደረቀ፣ እትዬ አስካለ ድንቹን ገለበጡ። ቅርጫቱ ባዶ ሆነ፣ ዘሃራ ዶሮዋን ከነጭዷ አዛወረች። ዶሮዋ አንድ ጊዜ ነክሳ ተነሣች፣ ካርቶኑ ወጣ። ሐያት ካርቶኑንም ትልቁን ላፕቶፕም ይዛ ሮጠች፣ ጃፋር ላባ ከውስጡ ለቀመና ሣቀ። «ከዚህ በኋላ ‹ከነላባው› ብዬ ነው የምሸጠው» አለና ባለ አሥራ ሦስት ኢንቹን ሰጣት።

ሐሙስ ሰኢድ ራሱ ሊያደርሳት አብሯት ሄደ። ዶርሙ ውስጥ ላፕቶፑን በገዛ እጁ ሎከሩ ውስጥ አስገባው። ገባ። ቆለፈው፤ ቁልፉን ጎተተው፤ ደግሞ ጎተተው። ከዚያ መክፈቻውን መዳፏ ላይ አኖረና ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈላት።

«በእኔ ልኬት ቢሆን ኖሮ አምስት ዓመት ሙሉ ታቅፈሽው ትተኚ ነበር» አላት። ሊስቅ ነበር፣ ግን ልጁን ትቶ የሚሄድ አባት ነውና ሣቁ መሃል ላይ ተቋረጠ። ሐያት አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

ተረቴ አለቀች። ዳቦ ያላችሁ ለእኔ፣ ጥሬ ያላችሁ ለዶሮዋ።