የቀበሮ ማኅተምና ገጣባዋ አህያ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ ቀርቶ ወንዙ ሁሉ አሸዋ ብቻ በሆነበት ዓመት፣ ለአካባቢው እንስሳት የተረፈቻቸው አንዲት ምንጭ ነበረች። ምንጯ ገላጣ ሜዳ ላይ ስለነበረች ከየትም አቅጣጫ ይመጣባታል። በድርቁ ምክንያት አንበሳ እንኳ በምንጯ ዙሪያ አላድንም ብሎ ነበር። እሱ ጠጥቶ ሲሄድ በግና ሚዳቋ፣ ጃርትና ኤሊ፣ ጦጣና አህያ ተራ በተራ ይጠጣሉ። የመጣውን «አንተ ማን ነህ?» የሚል በረኛ አልነበረም።

አያ ጅቦ ይህን ሲያይ ሆዱ ጮኸ። በድርቁ የሞተ የአንድ በግ ቆዳ ለበሰና በጠራራ ፀሐይ ከመንጋው ተቀላቀለ። ሁሉም አጎንብሰው ሲጠጡ የአንዲትን በግ ግልገል አፍኖ ሮጠ።

እንስሳቱ ተሰብስበው ለአንበሳ አቤት አሉ። እናቲቱ በግ፣ «ልጄ የተወሰደው ከጎኔ ነው። በግ መስሎኝ ቦታ ለቅቄለት ነበር» አለች።

መላ ያመጣችው እመት ቀበሮ ናት። ምንጯ በእሾህ ትታጠር፣ አንድ ጠባብ በር ብቻ ይተውላት አለች። እሷ በሩ ላይ ቆማ እያንዳንዱን ትመረምራለች። ገላው እሷ የምታውቀውን የበግ፣ የሚዳቋ ወይም የጦጣ ገላ ከመሰለ፣ ቀይ አፈር በሙጫ ለውሳ ግንባሩ ላይ በመዳፏ ታትምለታለች። ማኅተም ያለው ይገባል፤ የሌለው አይገባም። እናቲቱ በግ ከሁሉ ቀድማ ተስማማች። ማን ይፈርድባታል? አንበሳም እፎይ ብሎ ሊተኛ ሄደ።

እንስሳቱ እሾህ እየጎተቱ አጥሩን በገዛ እጃቸው ሠሩ። በማግስቱ ማተም ተጀመረ።

በጎቹና ሚዳቋዎቹ በቀላሉ አለፉ። ጃርት ግን ግንባሩ ላይ ሙጫው አልያዝ አለ፣ ተመለሰ። ኤሊም አንገቱን ወደ ውስጥ ስለሚስብ «የሚደበቅ አላትምም» ተብሎ ተመለሰ። ቀጥላ አህያዋ መጣች። ይህች አህያ ዕድሜዋን ጭነት ስትሸከም የኖረች ገጣባ ነበረች። ዝንብ ቁስሏን እንዳያሠቃያት ጀርባዋን ራሷ በእሬትና በጭቃ ለጥፋዋለች።

ቀበሮ ዞራ አየቻትና ጭቃውን አራግፋ እንድትመጣ አዘዘቻት። አህያዋ ካራገፈችው ቁስሏ እንደሚያመረቅዝ፣ በዚህ መድኃኒት ደግሞ ዓመት ሙሉ በሰላም እንደኖረች በትሕትና አስረዳች።

«የማውቀው አህያ ጀርባው ላይ ጭቃ የለውም» አለች ቀበሮ። «ከተለጠፈ ነገር በታች ምን እንዳለ በምን አውቃለሁ? አያ ጅቦም የገባው ለብሶ ነው።»

«እውነትሽን ነው፣ ለብሶ ገብቷል» አለች አህያዋ። «እኔን ግን እዚህ የቆመው ሁሉ ያውቀኛል። አንቺ የምትጠይቂኝ ማን እንደሆንኩ አይደለም፤ አንቺ የምታውቂውን መምሰሌን ነው።»

ምስክር እንድትሆናት ወደ እናቲቱ በግ ዞረች። ሁለቱ በአንድ መስክ ነበር የሚግጡት። በጓ ግን አቀረቀረች። «ልጄን ያጣሁት እኔ ነኝ፤ አትፍረጂብኝ» ብላ በሩን አልፋ ገባች።

አህያዋ መሄጃ አልነበራትም። ከአጥሩ ውጭ፣ ከምንጯ ሾልኮ የሚወጣውን እርጥብ መሬት እየላሰች ሰነበተች። ጃርትና ኤሊም ከጎኗ ነበሩ።

ውስጥ ያሉትም ቢሆኑ እንደ ድሮው አልሆኑም። ሙጫው ሲደርቅ ማኅተሙ ስለሚረግፍ ለማሳደስ ቀበሮ ፊት መቆም ግድ ነበር። እሷም እያተመች፣ የት ዋልክ፣ ከማን ጋር ጋጥክ፣ ግልገሎችሽን የት ታሳድሪያለሽ እያለች ትጠይቅ ጀመር። የማይመልስላትን መጨረሻ ታሰልፈዋለች። ከሁሉ የከፋው ግን እንስሳቱ እርስ በርስ መተያየት ማቆማቸው ነበር። ማኅተም ካለ ሌላ ምን ያስፈልጋል?

አያ ጅቦ ከጉብታ ላይ ሆኖ ሲያይ ከረመ። አንድ ቀን የታተመ በግ በመንገድ ላይ በሕመም ሞቶ አገኘ። ሥጋውን በላ፤ የግንባሩን ማኅተም ሳይነካ ቆዳውን ከነራሱ ለብሶ ወደ በሩ ሄደ። ቀበሮ ቀና ብላ ግንባሩን አየች። የገዛ መዳፏ ነው። አሳለፈችው።

አህያ የጅብን ጠረን አትስትም። ገጣባዋ ከውጭ ሆና ሽታው ሲደርሳት ልትሸሽ ፈልጋ ነበር። ግን ውስጥ ያሉትን አሰበችና ባላት ጉልበት አናፋች። ጥቂቶቹ ደንግጠው ቀና አሉ። ቀበሮ ግን፣ የገባው ሁሉ ታትሞ እንደገባ፣ አህያዋም ስለተከለከለች ተናዳ እንደምትጮህ ነገረቻቸው። እነሱም ወደ ውሃቸው ተመለሱ።

ያን ጊዜ አያ ጅቦ የሚዳቋን እግር ያዘ። ወዲያው ደግሞ የሰባ ሙክት በአጠገቡ ሲያልፍ አየና እሱን ሊይዝ ሚዳቋዋን ለቀቀ፤ ሁለቱም አመለጡት። ሁሉም በአንዴ ወደ ጠባቡ በር ተንጋጋ። ትንሹ በትልቁ እግር ሥር ወደቀ፤ ቀበሮ ራሷ ከበሩ ጉበን ጋር ተጣብቃ መተንፈስ አቃታት።

አህያዋ ጀርባዋን ለአጥሩ ሰጥታ መራገጥ ጀመረች። እሾሁ እግሯን እየቀደደው፣ ደሟ ወደ ሰኮናዋ እየወረደ ረገጠች፤ ደግማ ረገጠች። አጥሩ ተሸነቆረ። እንስሳቱም በዚያ በኩል ጎርፈው ወጡ።

አንበሳ ጩኸቱን ሰምቶ ሲደርስ፣ አያ ጅቦ ቆዳውን እንደለበሰ ከበጎቹ መካከል ተሸጉጦ ቆሟል። አንበሳ ግንባራቸውን ማየት ትቶ ምሳቸውን ምን እንደበሉ አንድ በአንድ ጠየቃቸው። አንዱ ሳር አለ፣ ሌላው ቅጠል አለ። ተራው አያ ጅቦ ዘንድ ደረሰ።

«እኔም ሳር ነው የበላሁት ጌታዬ» አለ አያ ጅቦ ኮራ ብሎ፣ «ከነአጥንቱ።»

አንበሳ በአንድ ጥፊ ቆዳውን ገፈፈው። አያ ጅቦ እያነከሰ ሸሸ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ተባለ። ቀበሮ መጀመሪያ ያሰበችው ልትጠብቃቸው እንደነበር፣ በኋላ ግን ሁሉም ፊቷ ሲሰለፍ ደስ እያላት እንደሄደ ተናገረች። አንበሳ ከበሩ አነሳት፤ እንደማንኛውም እንስሳ ተራዋን ጠብቃ እንድትጠጣ ፈረደ። አጥሩ ይነሳ ሲባል ግን እናቲቱ በግ ወደ ፊት ወጣች።

«ጅቡ ተመልሶ ቢመጣስ?» አለች።

«ይመጣል» አለች አህያዋ። «እኔ አሸታለሁ፣ ጦጣ ከሜዳው ዳር ካለ ዛፍ ላይ ታያለች፣ አንቺም ጎንሽ የቆመውን ልብ ብለሽ ታዪዋለሽ። ፍርሃትሽ አይጠፋም፤ ብቻሽን ግን አትፈሪም።»

በጓ ቀስ ብላ ቀረበቻትና በአህያዋ እግር ላይ የተሰካውን እሾህ በጥርሷ መንቀል ጀመረች። «ያን ቀን አውቅሽ ነበር» አለቻት፣ ቀና ሳትል። አህያዋ ሌላውን እግሯን አቀረበችላት። እሾሁ ተነቅሎ ሲያልቅ ጎን ለጎን ወደ ምንጯ ወረዱ።

ከዚህ የምንማረው፣ ምንጭም ይሁን ኢንተርኔት፣ የጋራ የሆነን ነገር በር በፍርሃት ተገፋፍተን ለአንድ ወገን ማኅተም ብቻ ስናስረክብ፣ አታላዩ ማኅተሙን ለብሶ እንደሚገባና ውጭ የሚቀረው መልኩ ያልተለመደው ጎረቤታችን መሆኑን ነው።