የጋሽ ይርዳው ማሽንና የፋንታዬ ገመድ

ከሁሉ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በሕይወት ያለ፣ ቤት ያለው፣ እድሩን በወቅቱ የሚከፍል የተከበረ ሰው ገመና መግለጥ ነውር መሆኑን አላጣሁትም። ነገር ግን ሰሞኑን ሰው ሁሉ «ቤቴ ውስጥ ቢትኮይን የሚቆፍር ማሽን ብተክል ያዋጣኛል ወይ?» እያለ ሲጨነቅ እያዩ፣ የሰሙትን ውጦ መቀመጥ ደግሞ ኃጢአት ነው። ከኃጢአትና ከነውር ምረጥ ቢባል ነውሩ ይሻላል። አንባቢ በተገቢው ሐዘን እንዲያነበው አደራ እላለሁ፤ አንዳችም የሚያስቅ ነገር የለበትም።

አንድ ቀን፣ ሰኔ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ካለው የጋሽ ይርዳው ግቢ አንድ ካርቶን ገባ።

ጋሽ ይርዳው ሠላሳ አንድ ዓመት የመጋዘን ሹም ሆነው የኖሩ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ደግሞ የሚቆጥሩት ዕቃ ቢያጡ የግቢያቸውን አምፖል የሚቆጥሩ ሰው ናቸው። የማያውቁት ነገር የለም። ሐኪም የሳተውን በሽታ ያውቃሉ። ዝናቡ የሚያባራበትን ሰዓት ይናገራሉ፤ ዝናቡ ባይሰማቸው ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም። ግቢያቸው አራት በርና አንድ ቆጣሪ አለው። በአንዱ በር እሳቸው ይኖራሉ፣ በሦስቱ ተከራይ ገብቶበታል። የግቢው ሕግም በእጃቸው ተጽፎ ከቆጣሪው ሥር ተለጥፏል፦ የኤሌክትሪክ ካውያ ክልክል ነው፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ ክልክል ነው፣ የመብራት ሂሳብ በበር ቁጥር እኩል ይካፈላል።

ከተከራዮቹ አንዷ ፋንታዬ ናት። ፋንታዬ ልብስ አጣቢ ናት፤ የሰፈሩን አንሶላና ሱሪ ተቀብላ፣ ጓሮ አጥባ፣ ገመድ ላይ አስጥታ፣ በከሰል ካውያ ተኩሳ ታስረክባለች። ከመብራት ጋር ያላት ዝምድና አንድ አምፖል ነው፤ እሱንም ቢሆን ራት በልታ ስትጨርስ ታጠፋዋለች።

ካርቶኑን ያመጣው የጋሽ ይርዳው እህት ልጅ ናሁሰናይ ነው። ማሽኑ ትንሽ ያገለገለ ነው፣ ቢሆንም በስድስት ወር ዋጋውን ይመልሳል አለ። ጋሽ ይርዳውም ለሚያፈሰው ጣሪያቸው ቆርቆሮ ሊገዙበት ያስቀመጡትን ገንዘብ አወጡና ሰጡት፤ ጣሪያው እስከዚያው በመታጠቢያ ሳፋ ይታገሣል ተባለ።

ማሽኑ ሲነሳ ሰፈሩ ተናወጠ። ከታች መንደር ሁለት ሴቶች «ወፍጮ ተከሉ ሲባል ሰምተን ነው» ብለው ጤፍና ሽምብራ ተሸክመው መጡ። ፋንታዬም እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጥታ ሳሎኑ በር ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው እንዲህ የሚጮኸው?»

«ገንዘብ እየቆፈረ ነው።»

«የት ነው የሚቆፍረው?»

«አየር ላይ ነዋ። ቢትኮይን ይባላል። ላንቺ አይገባሽም።»

«አዎ፣ አይገባኝም» አለች ፋንታዬ በሙሉ ልብ። «አፈሩን ብቻ ጓሮ እንዳትደፉብኝ። ልብስ የማሰጣው እዚያ ነው።»

ጋሽ ይርዳው አዘኑላት። «ልጄ፣ አፈር የለውም። ይኸ ማሽን ከባድ ሂሳብ ይሠራል። በዓለም ላይ ያለ ማሽን ሁሉ ያንኑ ሂሳብ ለመሥራት ይሽቀዳደማል። የቀደመ ሽልማቱን ይወስዳል።»

«የዓለሙ ማሽን ስንት ይሆናል?»

«ስፍር ቁጥር የለውም። መጋዘን ሙሉ የደረደሩ አሉ።»

«የእርስዎስ?»

«አንድ።»

ፋንታዬ ማሽኑን ትኩር ብላ አየችው። አንገቱን ደፍቶ ይጮኻል። «አይዞህ» አለችውና ወደ ልብሷ ተመለሰች።

ማሽኑ ከጩኸቱ ሌላ አንድ አመል ነበረው፤ ይግላል። አየሩን ከፊቱ እየሳበ፣ ሆዱ ውስጥ አግሎ፣ በኋላው ይተፋዋል። ናሁሰናይ የጓሮውን ግድግዳ ሸንቁሮ የቆርቆሮ ቱቦ ሰካበትና ሙቀቱ ወደ ውጭ እንዲወጣ አደረገ። ጓሮው ክረምት ከበጋ ጭቃ ስለሆነ ጋሽ ይርዳው ረግጠውት አያውቁም። እሳቸው ወንበራቸውን ከማሽኑ ፊት ዘርግተው፣ ናሁሰናይ የተወላቸውን ላፕቶፕ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ከጠዋት እስከ ማታ ቁጥር ያያሉ። ቁጥሩ በዜሮ ይጀምራል፤ ከዜሮው ቀጥሎ ነጥብ አለ፤ ከነጥቡ ቀጥሎ ደግሞ ሌላ ብዙ ዜሮ አለ። ማሽኑ የሳሎኑን አየር ስለሚስበው በመስኮቱ ስንጥቅ ብርድ ይገባባቸዋል። ጋቢ ደረቡ። ቆይተው ካፖርት ጨመሩበት። ጣሪያው ከጎናቸው ሳፋው ላይ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

«እንዴት ነው ቁፋሮው?» ይሏቸዋል ጎረቤቶች።

«ወርቅ ነው» ይላሉ ጋሽ ይርዳው ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ።

ነሐሴ ገባ። የዚያ ሰሞን ዝናብ ቀን አይል፣ ማታ አይል። የፋንታዬ ገመድ ላይ ልብስ ሦስት ቀን ይውልና እንደታጠበበት ሰዓት እርጥብ ሆኖ ይወርዳል፤ ያውም ሽታ ጨምሮ። ደንበኞቿ አንድ አንድ እያሉ ቀሩ። የቀራት ትልቅ ሥራ አንድ ብቻ ነበር። የደብሩ ሰንበት ተማሪዎች ለቡሄ የሚለብሱትን አርባ ነጭ ቀሚስ ሰጥተዋታል። እሱን ካላደረቀች ስሟም ኪራይዋም አለቀለት።

በዚህ መሐል የሐምሌ የመብራት ሂሳብ መጣ። የፋንታዬ ድርሻ ከመቶ ሃያ ብር ተነስቶ አንድ ሺህ አራት መቶ ገብቷል።

«ጋሼ፣ ተሳስተው ይሆናል። እኔ አንድ አምፖል ነው ያለኝ።»

«ስህተት የለውም። ፍጆታው ሲጨምር ታሪፉም አብሮ ይጨምራል።»

«የበላው እኮ ማሽንዎ ነው።»

ጋሽ ይርዳው በጣታቸው የተለጠፈውን ሕግ አሳዩዋት። «ቆጣሪ በር አይለይም፣ ፋንታዬ። እዚህ ግቢ ውስጥ የተቃጠለ መብራት የሁላችንም ነው። ያንቺ የኔ የሚባል የለም። እስከ ቅዳሜ ካልከፈልሽ ቤቱን የሚፈልግ ሰው አለኝ።»

ፋንታዬ የታጠበውን ቀሚስ በሳፋ ተሸክማ ወደ ጓሮ ዞረች። ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ቆማ «አሁን ይኼን የት ላድርገው?» ስትል ከጀርባዋ ማጅራቷን አንድ ነገር ሞቅ አደረጋት። ዞር አለች፤ ማንም የለም። ቱቦው ብቻ ነው። እጇን ዘረጋችለት። የሚያዝያ ፀሐይ ነው። አንዱን ቀሚስ ቱቦው ፊት ያዘችው፤ እንደ ባንዲራ ተውለበለበ። ጥላሁን የሚባለውን የጎረቤት ውሻ ቀስቅሳ ከሥሩ አስነሳችው፤ ለካ እሱ ካወቀው ወር ሆኖታል። ገመዱን ፈትታ እዚያ ክፈፍ ሥር ወጠረችው።

አርባው ቀሚስ በሁለት ቀን ደርቆ፣ ተተኩሶ፣ ደብሩ ገባ። ከዚያ በኋላ ወሬው ማን ይዞት፤ በነሐሴ ወር ልብስ አድርቆ የሚመልስ ሰው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ውስጥ ፋንታዬ ብቻ ሆነች። ብርድ ልብስ መጣ፣ የሙሽራ መጋረጃ መጣ፣ የአንድ ሆቴል አንሶላ መጣ። ቅዳሜ ጠዋት ፋንታዬ የጋሽ ይርዳውን በር አንኳኩታ አንድ ሺህ አራት መቶውን ብር ቆጥራ አስረከበችና ደረሰኝ ጠየቀች።

ጋሽ ይርዳው ጻፉላት። እንቅልፍ ግን አልወሰዳቸውም። ያገሩ ልብስ ሁሉ እንደበሰበሰ ነው፣ ይህቺ ሴት ብሩን ከየት አገኘች? በማግስቱ የመጋዘን ቦት ጫማቸውን አድርገው፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጓሮ ወረዱ። የሰፈሩ ሱሪ በሙሉ ተሰልፎ ይወዛወዛል። በሰልፉ መጨረሻ የራሳቸው ሁለተኛ ጋቢ አለ፤ ሰኞ ለእጥበት የሰጧት፣ ደርቆ፣ ሞቆ፣ ነፍስ ዘርቶ።

«በኔ ሙቀት!» አሉ ጋሽ ይርዳው።

ነገሩ የእድሩ ዳኛ ዘንድ ደረሰ። አባባ ወልደየስ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ጋሽ ይርዳውን በቁምጣ ያውቋቸዋል። ከቅዳሴ መልስ እድሩ ቤት፣ በተደራረበው አግዳሚ ወንበር መሐል ሆነው ሰሙ።

«ማሽኑን የገዛሁት እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ይርዳው። «ማሽኑ የኔ ከሆነ ሙቀቱም የኔ ነው። ሳታስፈቅደኝ ስትነግድበት ከርማለች። ከምታገኘው እኩሌታውን ትስጠኝ፤ አይ ካለች ትልቀቅልኝ።»

«አንቺስ?» አሉ አባባ።

ፋንታዬ ደረሰኙን ከመቀነቷ አውጥታ ዘረጋች። «አባባ፣ ጋሼ አዋቂ ናቸው፣ እኔ የማውቀው ያስተማሩኝን ነው። ግቢው ውስጥ የተቃጠለ መብራት የሁላችንም ነው አሉኝ፣ አምኜ ከፈልኩ። እኔ ሩቡን ከፍዬ ያደረቅሁት በሩቡ ነው። ሦስቱ እጅ እንዳለ በጓሮ ሲሄድ ነው የሚውለው፤ ቆሜም አልከለከልኩት።»

አባባ ወልደየስ ጺማቸውን ዳበሱ። «ይርዳው፣ ብለሃል?»

«ብያለሁ። ግን ያኔ ያልኩት ስለ ክፍያው እንጂ…»

«ቆይ፣ ቆይ። ፍርዱን እሰጣለሁ። መጀመሪያ ግን የራሴ ጭንቀት አለብኝ» አሉ አባባ። «የልጄ ባል መኪናውን ሸጦ ያንን ማሽን ካልገዛሁ ብሎ አስቸግሮናል። ‹ጋሽ ይርዳው ወርቅ ነው ብለዋል› ይላል። አንተ ፊቱ ተቀምጠህ ሁለት ወር ሙሉ አይተኸዋል። እውነቱን ንገረኝ። ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?»

ጋሽ ይርዳው አፋቸውን ከፈቱ። ያዋጣል እንዳይሉ አባባ «አሳየኝ» ይላሉ፤ የተቆፈረው ተመንዝሮ የአንድ ወር ሳሙና አይገዛም። አያዋጣም እንዳይሉ በሰፈሩ ታሪክ እሳቸው ያልገባቸው ነገር ተገኝቶ አያውቅም። «ገበያው…» አሉ። «ውድድሩ ትንሽ ከበድ ብሎ… ማሽኑም ያገለገለ ስለሆነ… በትዕግሥት ሲታይ…» አሉና አነጠሱ። ብርዱ እስከ አጥንታቸው ገብቷል።

አባባ ወደ ፋንታዬ ዞሩ። «እስኪ አንቺ ንገሪኝ ልጄ። ያዋጣል?»

ፋንታዬ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ለጋሽ ይርዳው ከልቧ እንዳዘነች ሁሉ አቀርቅራ መለሰች፦

«ማሽኑማ በደንብ ያዋጣል፣ አባባ። ጋሼ በፊቱ ተቀምጠው ነው እንጂ፣ እሱ የሚሠራው በኋላው ነው።»

አባባ ወልደየስ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ረጅም ጊዜ ሳሉ። ሲገለጡ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ገመዱ አይነካ፣ ማሽኑ የበላውን የማሽኑ ባለቤት ይክፈል ብለው ፈረዱ፤ አማቻቸውም መኪናውን እንዳይሸጥ በዚያው ላኩበት።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ይርዳው ጠዋት ጠዋት በቦት ጫማ ጓሮ ይወርዱና «ፋንታዬ፣ ዛሬ እርጥብ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ካለ ማሽኑን ያስነሳሉ፤ ከምታገኘውም በስምምነት ድርሻቸውን ትሰጣቸዋለች። ከሌለ ያጠፉታል። ናሁሰናይ ደውሎ «ጋሼ፣ ዛሬ ምን ያህል ተቆፈረ?» ሲላቸው፣ «አምስት ጋቢ፣ አሥራ ሁለት አንሶላ» ይሉታል።

እንግዲህ ይህን ለማንም እንዳትደግሙት አደራ። የጋሽ ይርዳውን ክብር ብላችሁ ብቻ አይደለም። የማሽኑ ማዋጫ በኋላው በኩል መሆኑ ከተሰማ፣ አገሩ ሁሉ ማሽን ገዝቶ ጓሮው ገመድ ይወጥርና፣ ለፋንታዬ የሚታጠብ ልብስ ይጠፋል።