ባዶ ቅል የጫነች ታንኳ

በሐይቅ ዳር ያሉ የአምስት መንደሮች አለቃ የሆነ አንድ ሰው ነበረ። ሐይቁን ጉም አይለቀውም፤ ጠዋት ጠዋት ውሃው ከሰማዩ ጋር ይቀላቀልና ታንኳዎቹ አየር ላይ የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። አለቃው ደጁ ላይ ተቀምጦ ከጉሙ የሚወጣ መልእክተኛ ይጠብቃል። በሽታ የገባ እንደሆነ መድኃኒት አዋቂዎችን የሚልክ እሱ ነውና።

መልእክቱ ግን እንደየመንደሩ ጠባይ ነበር። አንዱ መንደር ሦስት ሰው ትኩሳት ሲይዘው «አገር አለቀ!» ብሎ ይጮኻል። ሌላው ሃያ ሰው ተኝቶበት «እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነን» ይላል፤ ገመናን ማውጣት ነውር ነዋ! የማዶው መንደር ደግሞ ጨርሶ ዝም ይላል። አለቃው ዝምታውን እንደ ጤና ቆጥሮ ደስ ይለው ነበር፤ ሴት ልጁን የዳረው እዚያ ነው።

አንድ ክረምት ዝምታው ረዘመ። ጉሙን ባየ ቁጥር የልጁ ድምፅ የሚሰማው ይመስለው ጀመር። አላስችል ሲለው ራሱ ቀዝፎ ሄደ። ከመንደሩ ጢስ አይወጣም። ልጁን ደጃፏ ላይ ተጋድማ አገኛት፤ ባሏን በቀደም ቀብራለች።

«ምነው ሰው ብትልኩብኝ?» አላት እያለቀሰ።

«ማን ይምጣ፣ አባዬ? የሚቀዝፍ ሰው መች ተረፈ?»

ልጁን አስታሞ ካዳነ በኋላ ለአምስቱም መንደር አንድ ዓይነት ቅል አደለ። «ትኩሳት ለያዘው ሰው ሁሉ አንድ አንድ ባቄላ ጨምሩ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ላኩልኝ። የታመመ ከሌለም ባዶውን ላኩ» አላቸው።

ሽማግሌዎቹ ሳቁበት። «ባዶ ቅል ጭኖ ሐይቅ መሻገር ምን የሚሉት ጨዋታ ነው?» አሉ። ቢሆንም ላኩ።

አንድ ቅዳሜ ከጉሙ የወጡት አራት ቅሎች ብቻ ነበሩ። ሦስቱ ባዶ ናቸው፤ በአንዱ ሁለት ባቄላ አለ። አለቃው ለሁለቱ ሕመምተኞች አንድ አዋቂ ላከና የቀሩትን ሁሉ አስከትሎ ቅሉ ወዳልመጣበት መንደር ቀዘፈ። ሲደርሱ መንደሩ በሙሉ በትኩሳት ተኝቷል፤ የሞተ ግን አልነበረም።

ስንዱ ልጄ፣ አንቺ የቀበሌሽ ጤና ሠራተኛ፣ «ቀበሌዬ ጤና ሆኖ ሳለ፣ ለሁሉም ቀበሌ አንድ የሆነውን የሕመምተኛ መቁጠሪያ ቅጽ በየሳምንቱ ዜሮ እየሞላሁ የምልከው ለምንድን ነው?» ብለሽ ተቆጥተሽ ጠየቅሽኝ። እኔ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ተቀምጬ ቀበሌሽን አላየውም፤ በመካከላችን ጉም ነው። ቅጽሽ እንደ ሌሎቹ ቀበሌዎች ከሆነ ቁጥርሽ ይገባኛል። ዜሮሽ ሲደርሰኝ ሰዉም አንቺም ደህና ናችሁ ብዬ እንቅልፌን እተኛለሁ። ቅጽሽ የቀረ ዕለት ግን መኪና አስነስቼ እመጣለሁ፤ መጀመሪያ የማንኳኳውም ያንቺን በር ነው።