ሽኮኮና መረሬው መንገድ

ቀረብ በሉ፤ ጆሯችሁን አውሱኝ። ይህ የሆነው እንስሳት እድር በነበራቸው፣ ብስክሌትም መንገድም አፍ አውጥተው በሚናገሩበት በዚያ በድሮ ዘመን ነው።

በአንድ ተራራ አናት ላይ የሚኖሩ እንስሳት ነበሩ። መድኃኒት አዋቂዋ ጃርት የምትኖረው ግን ከተራራው ግርጌ፣ መረሬ ከሚባለው የጥቁር አፈር ሜዳ ማዶ ነው። ከመካከላቸው አንዱ በታመመ ቁጥር በእግር ወርዶ በእግር መመለስ ቀኑን ይፈጃል። ስለዚህ እድሩ ተሰበሰበና፣ «መድኃኒት የሚያመላልስ የተራራ ብስክሌት ይገዛ» አለ። መርጣ የምትገዛው፣ እየነዳችም የምትላላከው እትዬ ሽኮኮ ትሁን ተባለ። አስተዋይ ናት፤ አትቸኩልም፤ ሁሉም ያምናታል።

እትዬ ሽኮኮ በጥር ወር ከተማ ወረደች። ሻጩ ጋሽ ዝንጀሮ ሦስት ብስክሌቶች ግድግዳ አስደግፎ አቆመላት።

የመጀመሪያው ጎማው ቀጭን ነው። «አስፋልት አላችሁ?» አላት።

«አስፋልትስ የለንም።»

«እንግዲያው አትንኪኝ። ጠጠር አልወድም።»

ሁለተኛው ቀይ ነው፤ ያብረቀርቃል። ጎማው ወፍራም፣ ጭቃ መከላከያው፣ ፓራፋንጎው፣ ጎማውን ሊነካ ምንም ያልቀረው። «እኔን ይዘሽ ስትገቢ መንደሩ በሙሉ ደጅ ይወጣል» አላት።

ሦስተኛው ግራጫ ነው፤ ቀለሙ ደብዝዟል። ፓራፋንጎ የለውም፤ ከጎማው በላይ እጅ የሚያስገባ ክፍተት አለው። እሱ ግን፣ «እትዬ፣ መንገዳችሁ እንዴት ነው? በክረምት ይጨቀያል?» ሲል ጠየቃት።

እትዬ ሽኮኮ ደነገጠች። ይጨቀያል እንጂ፤ መረሬው በሐምሌ እስከ ጉልበት ያሰምጣል። ነገር ግን ቀጭኑ በጎን ያያታል፤ ቀዩ ፈገግ ብሏል፤ ጋሽ ዝንጀሮም አገጩን እያከከ ይጠብቃል። የጭቃ አገር ሰው መባል አሳፈራት።

«የለም፣ መንገዳችን ደህና ነው» አለች።

«ዓመቱን ሙሉ?»

«ዓመቱን ሙሉ።»

«እንግዲያው ቀዩን ይውሰዱ» አለ ግራጫው። «እኔ ምን አደርግልዎታለሁ?»

ቀዩን ይዛ ገባች። እውነትም መንደሩ ደጅ ወጣ። በየካቲት መድኃኒት አመላለሰች፤ በመጋቢት አመላለሰች፤ በሚያዝያም አመላለሰች። ሁሉም «ምርጫ እንደ እትዬ ሽኮኮ» ይላል። እሷን ግን ምስጋናው እንደ እሾህ ይወጋታል። ግንቦት ሲገባ ጠዋት ጠዋት እየወጣች ደመና ታይ ጀመር።

ጎረቤቷ ጥንቸል ትስቅባታለች። «እትዬ፣ ከሰማዩ ጋር ተጣልታችኋል እንዴ? ምነው እንዲህ ታፈጥጪበታለሽ?»

እትዬ ሽኮኮ አፏን ከፈተች። ልትናገር ነበር። ግን «እንዲያው ነው» ብላ ገባች። ዘንድሮ ዝናቡ ቢያንስስ? ማንም ባይታመምስ?

ዝናቡ አላነሰም። በሐምሌ አንድ ጠዋት ጥንቸል እየሮጠች መጣች። በዚያን ቀን አልሳቀችም።

«እትዬ፣ ድረሽልኝ። ትንሿ ልጄ እንደ እሳት ትፋጃለች። ጡትም እንቢ ብላለች።»

እትዬ ሽኮኮ ቀዩ ላይ ወጣች። ዝናቡ ለጥቂት ቀናት አባርቶ ሜዳው ጠፈፍ ብሎ ነበርና እየተንገዳገደች አለፈችው። ጃርት መድኃኒቱን በቅጠል ጠቅልላ ሰጠቻትና፣ «ፀሐይ ሳትጠልቅ ትጠጣው። ከዚያ ካለፈ እኔ አላውቅም» አለቻት። ይህን ስትል ሰማዩ ተቀደደ።

በመልሱ መረሬው ቦክቶ ጠበቃት። ጥቂት እንደሄዱ ጭቃው በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ገባ። «ጎማዬ አልዞር አለኝ» አለ ቀዩ። እትዬ ሽኮኮ ወርዳ በእንጨት ፋቀችለት። ጥቂት ሄዱ። «ደግሞ ያዘኝ» አለ። በጥፍሯ ፋቀችለት። ጥቂት ሄዱ። ሦስተኛ ጊዜ ሲቆም ጭቃው ጠጥሮ ነበር፤ ጥፍሯም ተሰብሮ ነበር።

«ዓመቱን ሙሉ ደህና ነው ብለሽ አልነበር?» አለ ቀዩ።

ያን ጊዜ መረሬው ከእግሯ ሥር ተናገረ። «እናትሽን ተሸክሜያለሁ፤ አንቺንም ተሸክሜያለሁ። በክረምት ጭቃ መሆኔን ልጅ እንኳ ያውቃል። ምኔ አሳፈረሽ?»

«አንተ አይደለህም» አለች እያለቀሰች። «እኔ ነኝ።»

ብስክሌቱን እዚያው አጋድማ መድኃኒቱን በጥርሷ ነክሳ ሮጠች። እግሯ አጭር ነው፤ ዳገቱ ረጅም ነው። ፀሐይዋ ጋራውን ስትነካ እሷ ገና የዳገቱ ወገብ ላይ ነበረች። ስትጠልቅ አናቱ አልደረሰችም።

ልጅቷ መድኃኒቱን ጠጣች። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት። ጡትም ያዘች። ግን ከዚያ ወዲያ በግራ ጆሮዋ መስማት ተሳናት።

ጥንቸል የእትዬ ሽኮኮን ትከሻ ሳመች። «በዚያ ዝናብ፣ በእግርሽ። ምን ብዬ ላመስግንሽ?»

ምስጋናውን መቀበል ቀላል ነበር፤ ማንም የሚያውቅ የለም። እትዬ ሽኮኮ ግን፣ «አታመስግኚኝ» አለች። «ሻጩ ቤት ስለ መንገዱ ጠይቀውኝ ነበር። አፍሬ ዋሸሁ። ቀዩ ለጭቃ እንደማይሆን ካወቅኩም ስድስት ወር ሆኖኛል።»

ጥንቸል እጇን ከትከሻዋ ላይ አነሳች። «ሂጂና ለእድሩ ንገሪ። እኔ ልጄን ላጥባ» አለች።

ሄዳ ነገረች። ቆማ፣ ሳትቀባባ። እድሩም ሌላ መራጭ ላከ፤ ግራጫው መጣ፤ እስከ መስከረም በጭቃ ውስጥ ተመላለሰ።

ልጅቷ አደገች። እትዬ ሽኮኮ ልታጫውታት በመጣች ቁጥር ማንም ሳይነግራት ዞራ በልጅቷ ቀኝ በኩል ትቀመጣለች።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ብስክሌት ስትመርጡ መንገዳችሁን እንዳለ ተናገሩ፤ ጭቃውንም ድንጋዩንም። እኛ የደበቅነው ጭቃ ውስጥ የሚወድቀው ሌላ ሰው ነውና። እኔ የሰማሁትን አቀበልኳችሁ፤ እናንተም ሳትቀንሱ አቀብሉ።