ሁለተኛው ይቅርታ

አንድ አስታራቂ ሽማግሌ ነበሩ። አያ ደምሰው እንበላቸው። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ድንበር ሲገፋ፣ ደም ሊፈስ ሲል፣ "አያ ደምሰውን ጥሩ!" ይባላል። እሳቸው ገብተውበት ያልበረደ ጠብ አልነበረም።

አንድ ቀን ዋርካው ሥር ባልና ሚስት ሊያስታርቁ ተቀመጡ። ታናሽ ወንድማቸው ሽባባውም ከሽማግሎቹ አንዱ ነበር። "አያዬ፣ ፍርዱ ሴትየዋ ላይ ከበደ መሰለኝ" አላቸው።

ክፉ ተናገረ? አልተናገረም። ግን አያ ደምሰውን በሰው ፊት ማን አርሟቸው ያውቃል? ደማቸው ፈላ። "የገዛ ሚስቱን ማኖር ያቃተው ሰው ስለ ትዳር ሊያስተምረን ነው?" አሉ።

ሰው ሳቀ። የሽባባው ሚስት ጥላው ከሄደች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። ሽባባው ጋቢውን አንሥቶ ሄደ። ከዚያ ወዲያ የወንድሙን ደጅ አልረገጠም።

"ታላቁ እኔ፣ ታናሹ እሱ፤ ይምጣ እንጂ!" ይላሉ አያ ደምሰው። ፋሲካ አለፈ፣ ክረምት ገባ። አልመጣም።

ኋላ አንዲት ሴት ከጎረቤቷ ተጣልታ እሳቸው ፊት ቀረበች። "ይቅርታ ጠይቂ" አሏት። "እሺ፣ እጠይቃለሁ" አለች። "ግን አያ ደምሰው፣ እንዴት እንደሚጠየቅ እርስዎ ያሳዩኝ።"

በዚህ ጊዜ ማንም አልሳቀም።

እሑድ፣ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ፣ አያ ደምሰው ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው ሽባባው እግር ላይ ወደቁ። "በድዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ!"

"ልቤ አልሻረም" አለና ጥሏቸው ሄደ።

ሕዝቡ አጉረመረመ። "እኚህን የመሰሉ ሽማግሌ ወድቀው እንዴት እንቢ ይላል?" አያ ደምሰው ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው። አዎ፣ ደስ አላቸው! "እኔ የድርሻዬን ተወጣሁ። ከእንግዲህ ጥፋቱ የእሱ ነው" እያሉ ቤታቸው ገቡ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ይመኙሻል ሰምተው ሲያበቁ፣ "ለመሆኑ የፈለጉት ይቅርታ ነው ወይስ ሙገሳ?" አሏቸው።

ነገሩ አጥንታቸው ድረስ ዘለቀ። በማግስቱ ያለ ሕዝብ፣ ያለ ድንጋይ፣ ወደ ሽባባው ማሳ ወረዱ። ጎንበስ ብሎ ጤፍ ያርማል።

"ትናንት የመጣሁት ለስሜ ነበር" አሉት። "ዛሬ ላንተ መጣሁ። ያን ቀን እውነቱ አንተ ጋ ነበር። መልስ ሲያጥረኝ ቁስልህን ነካሁ።"

ሽባባው ቀና ብሎ ሳያያቸው ማረሙን ቀጠለ።

መመለስ አማራቸው። አልተመለሱም። ጎንበስ ብለው አረም መንቀል ጀመሩ። ፀሐዩ አናታቸውን ጠበሰው። ልባቸው "ተነሥ! አንተ እኮ ደምሰው ነህ" አላቸው። "ለዚህ ያበቃኝስ ደምሰው ነኝ ማለቴ አይደል?" አሉና መንቀላቸውን ቀጠሉ።

ቀኑ ሲያዘቀዝቅ ከኋላቸው ድምፅ ሰሙ።

"አያዬ… ጤፉን እኮ እየረገጡት ነው።"

ቀና ሲሉ ወንድማቸው ያለቅሳል።

ወገኖቼ፣ አያ ደምሰው ድንጋይ የተሸከሙ ዕለት ትሑት ነበሩ? ብናያቸው ሁላችንም "አዎ" ባልን ነበር። ኩራት ግን ድንጋይም ይሸከማል! ኩራት ይሰግዳል፣ ኩራት ያለቅሳል፤ ሰው እስካየለት ድረስ።

እናንተስ? "እኔ እኮ ጠይቄው ነበር፤ እንቢ ያለው እሱ ነው" ብላችሁ የተዋችሁት ማን ነው? ወንድማችሁ ነው? ሚስታችሁ ናት? በልጆቿ ፊት ያዋረዳችኋት እናት ናት?

ሂዱ። አጃቢ ሳትይዙ ሂዱ። ዝም ቢሏችሁ አትመለሱ፤ ጎንበስ በሉና አብራችሁ ሥሩ። እንቢ ቢሏችሁ ነገም ሂዱ። ኩራት በአንድ ቀን ስግደት የሚሞት እንዳይመስላችሁ። ነገ ማለዳ ከአልጋችሁ አብሯችሁ ይነሣል። እናንተ ቅደሙት!